ደሴ ውስጥ የተባይ ማጥፊያ በሽንት ይለካል ወይ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሰኞ ከገበያ 2 ኪሎ ቲማቲም ገዝቼ ገባሁ። ዘንቢሉን ስዘረግፍ በአንዱ ቲማቲም አናት ላይ፣ ከተክሉ ከተነቀለበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ አየሁ። በጥፍሬ ስፍቀው ተፈረፈረ። ቧንቧ ከፍቼ በጣቴ ባሸው ከላይ ያለው ታጠበ፤ ከጎድጓዳው ውስጥ ያለው ግን እንደ ኖራ ይዞ ቀረ። ቀና ስል የ6 ዓመት ልጄ አንዱን አንስቶ በሹራቡ ጠርጎ ገምጦታል፤ ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል።

በማግሥቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ የላብራቶሪውን ባለሙያ ጠየቅሁት። የልጄን ሽንት ባመጣ የተባይ ማጥፊያ እንዳለበትና እንደሌለበት ማየት ይቻል እንደሆነ ነበር ጥያቄዬ። ባለሙያው በትሕትና መለሰልኝ፤ እነሱ የሚያዩት ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ደም፣ ኢንፌክሽንና እርግዝና ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው አቅርቦለት እንደማያውቅም ነገረኝ።

እኔ አስተማሪ እንጂ ኬሚስት አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎኛል። ስለ ተባይ መድኃኒት መርዝነት ሲነገር የሚነሣው መርጫ አዝሎ የሚውለው ገበሬ ነው፤ ይገባዋልም። መርጫ በእጃችን ነክተን የማናውቅ የደሴ ፒያሳ፣ የሸዋበር፣ የሙጋድ ሰዎችስ? በቀን ሦስት ጊዜ እየበላነው ምን ያህሉ ወደ ሰውነታችን እንደገባ ማን ለክቶልናል? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ተጨማሪ፦ የውይይቱ ክር ስለረዘመ ከታች የምትመጡ ሰዎች የላይኛውን ሳታነቡ ያንኑ ጥያቄ እየደገማችሁ ነው። ስለዚህ እስካሁን የደረሱትን 25 ምላሾች በቁጥራቸው፣ እኔ በገባኝ መንገድ አስፍሬያቸዋለሁ። ያጣመምኩት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

ምላሽ 1። ከኮምቦልቻ አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ናት። የክሊኒኩ ልጅ የነገረኝ እውነት መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ባለቀለም ወረቀት ይህን ነገር ሊያይ አይችልም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ የበላነው ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ሆኖ አይወጣም። ሰውነት ሰባብሮት ነው የሚያስወጣው፤ የሚፈለገውም ስብርባሪው ነው። ልጄን ትኩሳት፣ ማስታወክ ወይም የዓይኑ ብሌን መጥበብ ካየሁበት ግን ይህን ክር ትቼ ወደ ሐኪም እንድሮጥ አሳሰበችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ደህና ነው።

ምላሽ 2። ደሴ አራዳ ተወልዶ አሁን አዲስ አበባ በላብራቶሪ የሚሠራ ወንድማችን ሰፋ አድርጎ አስረዳ፤ እኔም ብዙ የተማርኩት ከእሱ ነው። ማላታይን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ያሉበት ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ቤተሰብ በጉበት ሲሰባበር ዳይአልኪል ፎስፌት የሚባሉ 6 ውሁዶችን ይተዋል። እነዚህን ለክቶ የቤተሰቡን ጠቅላላ መጠን መገመት ይቻላል፤ ከየትኛው መድኃኒት እንደመጣ ግን አይናገሩም። ክሎርፓይሪፎስን ለይቶ ለማወቅ የራሱ ስብርባሪ የሆነ ትራይክሎሮፒሪዲኖል የሚባል ምልክት አለው። በቤት ለትንኝና ለበረሮ የምንነፋቸው፣ በአጎበርም ላይ ያሉት ፓይረትሮይዶች ደግሞ አብዛኞቹ የሚተዉት አንድ የጋራ አሲድ ነው። ገበሬው ለጤፍና ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱፎርዲ፣ እንዲሁም ግላይፎሴት የሚባለው ሌላ ፀረ-አረም፣ ብዙም ሳይሰባበሩ እንዳሉ በሽንት ይወጣሉ።

መጠኑን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ ከአእምሮዬ አልወጣም። መለኪያው ማይክሮግራም በሊትር ነው። አንድ ማይክሮግራም በሊትር ማለት 10,000 ሊትር የሚይዙ 100 የውኃ ቦቴዎችን አሰልፎ በጠቅላላው ውኃ ውስጥ አንድ ግራም ስኳር እንደ መበተን ነው። ይህን የሚያጣጥም መሣሪያ ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል፤ ውድ ነው፣ ንጹሕ ጋዝ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ተስፋዬን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት፤ ልክ ነበረ። የክሎርፓይሪፎሱ ምልክት ግማሹ በ27 ሰዓት ገደማ ከሰውነት ይወጣል፤ የፓይረትሮይዶቹ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። እንግዲህ የልጄን የዛሬ ሽንት ብለካ የማገኘው የትናንትናና የከትናንት ወዲያ ምግቡን ነው። ሰኞ የበላው ቲማቲም ዓርብ ላይ ዱካው ሊጠፋ ደርሷል። አንድ ልጅ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ቀን ምንም አይነግረኝም ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲለካ ግን የከተማው መልክ ይወጣል።

ምላሽ 3። ቲማቲሙን ትተን ሽሮ እንብላ የሚል አንድ መስመር።

ምላሽ 4። ለምላሽ 3 የተሰጠ እርማት። እህል በመጋዘን ለነቀዝ መከላከያ ማላታይን ዱቄት እንደሚነሰነስበት፣ በመስክ ላይ ሳለም ፀረ-አረም እንደሚረጭበት አስታወሰ። ሽሮ የሚያድነን ቢሆን እንዴት በወደድኩ።

ምላሽ 5። ይህን እባካችሁ ሁላችሁም ከላይ ገብታችሁ በሙሉ አንብቡት። ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ካለችው ሐርቡ በኩል አንድ አባት ናቸው፤ የሚጽፍላቸው ልጃቸው ነው። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። በመጀመሪያ የከተማ ሰው ገበሬውን መርዘኛ አድርጎ ማየቱ እንዳሳዘናቸው ነገሩን። ከዚያ ግን ምንም ሳይደብቁ አሠራራቸውን ዘረዘሩት።

በደረቁ ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ይረጫሉ፤ ደመና ሲሆንና ጤዛ ሲበዛ በ3 በ4 ቀን ይደጋግማሉ። መለኪያቸው የጠርሙሱ ክዳን ነው። ሁለት ዓይነት፣ አንዳንዴ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ባልዲ ይቀላቅላሉ፤ ለትሉ አንድ፣ ቅጠል ለሚያቃጥለው በሽታ አንድ። የሚያማስሉበት የባሕር ዛፍ ዱላ ጫፉ እንደ ተቀባ ነጭ ሆኗል፤ አረፋው ሲወጣ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት እያቃጠለ ቆዳውን አንሥቶታል። ሲረጩ ነፋሱን በጀርባቸው ለማድረግ ይሞክራሉ፤ የጨፋ ሜዳ ነፋስ ግን አቅጣጫውን ሳይነግር ይዞራል።

ከሁሉም የነካኝ የሚከተለው ነው። ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም ድረስ መቆየት ያለበት ቀን በጠርሙሱ ላይ መጻፉን ልጃቸው አንብቦ ነግሯቸዋል። ያውቃሉ። ነገር ግን የደላላው አይሱዙ ማታ መጥቶ ነገ ጠዋት እጭናለሁ ካለ፣ ትናንት የተረጨው ማሳ ዛሬ ይለቀማል፤ እንቢ ካሉ መኪናው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ደላላው ደግሞ አንዲት ነጥብ ያለባትን ቲማቲም አያነሣም፤ ምክንያቱም እኛ የደሴ ሰዎች አናነሣም። ገበያ ላይ ቲማቲም እያገላበጥኩ ትል የነካውን ወደ ጎን የማደርገው እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ የሚለካ ሰው ከመጣ ከእሳቸው እንዲጀምር ጠየቁ።

ምላሽ 6። የጤና መኮንን ናት። ለሐርቡው አባት በአክብሮት መልሳ፣ ለእሳቸውና ለእኔ ልጅ የሚያስፈልገው ምርመራ አንድ እንዳልሆነ ለየችልን። መርጫ የሚያዝል ሰው ዋናው ምርመራው በደም ነው፤ ኮሊንስተሬዝ የሚባለው ኤንዛይም ሥራው ምን ያህል እንደ ቀነሰ ይታያል። ኦርጋኖፎስፌት የነርቭን መልእክት የሚያበላሸው ይህንኑ ኤንዛይም በማሠር ስለሆነ፣ ደሙ ጉዳቱን ያሳያል። ሽንት ግን የሚያሳየው መግባቱን ነው፤ ከምግብ ብቻ ትንሽ ትንሽ የሚወስድ ሰው ኤንዛይሙ ሳይነቃነቅ ሽንቱ ላይ ምልክቱ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለጠቅላላው ሕዝብ ሽንት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርፌም የለው፣ ከሕፃንም ይገኛል። ለአባታችን ደግሞ ጓንትና ረጅም እጅጌ እንዳይረሱ፣ የረጩበትን ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለይተው እንዲያጥቡ ለመነቻቸው።

ምላሽ 7። እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። የግብርና መድኃኒት የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ በቁጣ ጻፉ። ቲማቲም የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ የሚባል ትል እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን ሲገባ፣ መጤው ተምችም እ.ኤ.አ. በ2017 በቆሎውን ሲያወድም መድኃኒት ባይኖር ምን ይበላ እንደነበር ጠየቁ። አስተማሪ ተነሥታ የገበሬውን ገበያ ልትዘጋ ነው ሲሉም ከሰሱኝ። እኔ ያየሁት ነጭ ዱቄት ደግሞ ትል የሚገድል ሳይሆን ማንኮዜብ የሚባል የሻጋታ መከላከያ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሰውንም ወዲያው እንደማይጥል አስረዱ።

ስለ ዱቄቱ ምንነት ትክክል ይመስሉኛል፤ የሚታየው ዱቄት ከማይታየው ይልቅ አስፈሪ ነው ብዬ ማሰቤ ስሕተት ነበር። ገበያ ስለ መዝጋት ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ምላሽ 8። ለምላሽ 7 የተሰጠ ጠንካራ መልስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የማንኮዜብን ፈቃድ አላድስም ያለው ለመራባት አደገኛ ነው፣ ሆርሞንም ያዛባል በሚል እንደሆነ አመለከተ። ማንኮዜብ በሰውነት ውስጥም ሆነ በድስት ሲበስል ኢቲሊንታዮዩሪያ ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ እሱም የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያውክ ነው፤ በሽንትም ይለካል። እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት በደጋው አገራችን ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ጨመረ። ወዲያው አለመጣል አለመጉዳት እንዳልሆነ የጻፈው ልክ ነው፤ ስለ ነጋዴው ኅሊና የጨመረው ቃል ግን አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 9። ምላሽ 7ን የጻፉት ሰው ተመልሰው ስድብ ቀላቀሉ። አልደግመውም። ከሁለቱም ወገን ይብቃችሁ።

ምላሽ 10። የቡና ነጋዴ ልጅ ነኝ የምትል እኅት እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን አነሣች። ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከፈቀደችው በላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አግኝታ ገበያው ተናጋ፤ ጣጣው ከጆንያው የመጣ ነው ተብሎ ነበር። ያኔ ሁሉም ሩጫ ላይ እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ጆንያ ተለወጠ፣ ምርመራ ተጠናከረ። ቶኪዮ ለሚጠጣ ሰው ስኒ ይህ ሁሉ ከተደረገ፣ ከሐርቡ ደሴ ለሚመጣ ዘንቢል ለምን አይደረግም? ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ በሦስት አንቀጽ ልል የፈለግኩት ይህንን ነበር።

ምላሽ 11። ወሬው ወደ ጫት ሄደ። ጫት ሳይታጠብ፣ ሳይበስል፣ ቅጠሉ እንዳለ ስለሚቃም ከቲማቲም ይልቅ እሱ መለካት እንዳለበት የጻፈ ሰው ራሱ ቃሚ መሆኑን አልሸሸገም። በአንዳንድ ቦታ ዲዲቲ ጭምር እንደሚረጭበት ሰምቶ ከዚያ ወዲህ ማጠብ ጀምሯል።

ምላሽ 12። ምላሽ 2ን የሰጠው የላብራቶሪ ሰው ተመልሶ አንድ ቁም ነገር አስተካከለ። ዲዲቲን ለማወቅ ሽንት ጥሩ መስኮት አይደለም። እንደ ኦርጋኖፎስፌት በቀን በሁለት ቀን የሚወጣ ሳይሆን በስብ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት የሚቆይ ነው፤ የሚፈለገው በደምና በእናት ጡት ወተት ነው። አገራችን ለወባ ስትል በየቤቱ ግድግዳ ለረጅም ዓመታት የረጨችው እሱን ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ያደግን ሰዎች ምናልባት እስከ ዛሬ ይዘነው እንዞራለን። እናቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ረጪዎቹ ሲመጡ ዕቃው ሁሉ ደጅ ወጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ነጭ ዝንጉርጉር ስትተርክልኝ ነው ያደግሁት።

ምላሽ 13 እና 14። አንዱ ወደ ቦርከና ወንዝ ወሰደን፤ ከደሴ የሚወርደው ቆሻሻና ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚለቀቀው ፍሳሽ ተቀላቅሎ ታች ጨፋ ላይ አትክልት ይጠጣበታል የሚል ነው። ሌላው ክሮሚየም የሚባለው ብረትም በሽንት እንደሚለካ ጨመረ። ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ክር ይገባዋልና ለዚያ ክፈቱለት።

ምላሽ 15። እዚሁ አካባቢ የሚያስተምሩ የኅብረተሰብ ጤና መምህር ናቸው። ጥያቄዬን ከልጄ ወደ ከተማው የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። አሜሪካኖች በየዓመቱ 5,000 ያህል ሰው ከመላ አገሩ በዕጣ መርጠው የሚመረምሩበት ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት አላቸው፤ ከእነዚህ ከፊሎቹ በሽንታቸው የተባይ ማጥፊያ ይለካል። ሕዝቡ ስለሚሸከመው ኬሚካል የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሪፖርት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ትልቁ ነገር በዕጣ መመረጡ ነው። የታመመ ወይም የሠጋ ሰው ብቻ ከተለካ የሚገኘው የሥጉዎች ሽንት ነው፤ የከተማው አይደለም።

ለእኛ አካባቢ እንዴት ሊሠራ እንደሚችልም ሣሉት። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ፣ ከ1,900 ሜትር በታች ካለችው ኮምቦልቻና ከታች ከቃሉ ገጠር ቤቶች በዕጣ ይወጣሉ። ብርድ ስለሆነ ደሴ ላይ የትንኝ መንፊያው ያንሳል፤ ኮምቦልቻ ላይ ወባ ስላለ አጎበሩም ርጭቱም ይበዛል። እንግዲህ የፓይረትሮይዱ ምልክት በሁለቱ ከተሞች መካከል ከተለያየ ምክንያቱ የሚበላው ወጥ ሳይሆን አጎበሩና ቤት ውስጥ የሚነፋው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሰው በተለያየ ቀን ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል። ከኩባያው ጋርም አንድ መጠይቅ አብሮ ይሄዳል፤ ባለፉት 2 ቀናት ምን ተበላ፣ ቤት ውስጥ ምን ተነፋ።

ሌላ ያስተማሩኝ ነገር የውኃው ጉዳይ ነው። ብዙ ውኃ የጠጣ ሰው ሽንቱ ይቀጥናል፣ ምልክቱም ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ጡንቻ በየቀኑ የሚያመነጨው ክሬአቲኒን አብሮ ይለካና መጠኑ በእሱ ይካፈላል፤ ወይም የሽንቱ እፍጋት ይለካል።

ምላሽ 16። ከሁሉም ምላሾች ልቤን የወሰደችው ይህቺ ናት። የሸዋበር ልጅ ናት፤ እናቷ ሙስሊም፣ የአባቷ ቤተሰብ ክርስቲያን። የመምህሩን ንድፍ ካመሰገነች በኋላ፣ ወሎ ላይ ሽንት የሚሰበስብ ሰው ቀን መቁጠሪያውን ካላየ እንደሚሳሳት አስገነዘበች። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የሚወሰድ ሽንት ውኃ ካልጠጣ ሰው የሚወጣ ስለሆነ የወፈረ ነው፤ ምግቡም ወደ ሌሊት ተዛውሯል። በሁዳዴ ደግሞ ሥጋና ወተት ስለሌለ ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ምስሩና ሽሮው እጥፍ ይበላል፤ ስለዚህ ከአትክልት የሚመጣው ቅሪት በጾምና በፍስክ አንድ ሊሆን አይችልም። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁለቱም ጾም በሁለት ክፍል ሊኖር ይችላል። ይህን ውጭ አገር የተጻፈ መጠይቅ አይጠይቅም።

መምህሩ ወዲያው መጥተው ይህ እንዳልታሰባቸው አመኑና በንድፋቸው ላይ እንደሚጨምሩት ጻፉ። በዚህ ክር ደስ ያለኝ ቅጽበት ይህ ነው።

ምላሽ 17። አንድ የሕክምና ተማሪ በክሬአቲኒን ማካፈሉ ልጆችንና የከሱ ሰዎችን እንደሚበድል አነሣ። ጡንቻቸው ትንሽ ስለሆነ ክሬአቲኒናቸው ያንሳል፤ በትንሽ ቁጥር ሲካፈል ውጤቱ ይተልቃል። የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ከጎረቤቱ ልጅ ጋር እኩል በልቶ በወረቀት ላይ ብዙ የበላ ይመስላል። መምህሩ በዚህ ምክንያት ልጆች ከልጆች ጋር ብቻ እንዲነጻጸሩ፣ እፍጋቱም አብሮ እንዲለካ መከሩ።

ምላሽ 18። የተቆጣ ሰው ነው፤ ቁጣው ግን መሠረት አለው። ሽንታችንን ወስደው ውጭ አገር ይለኩታል፣ ጽሑፍ ያሳትሙበታል፣ ማዕረግ ያገኙበታል፤ ለሰጪው ግን አንድ ቀን ተመልሶ የነገረው የለም። ከዓመታት በፊት በእሱ ሰፈር ደም ሰጥተው ውጤት እየጠበቁ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ጻፈ። ዳግመኛ ማንም መጥቶ ኩባያ ቢሰጠው እንደማይቀበል ተናገረ።

ምላሽ 19። በላብራቶሪ ናሙና ዝግጅት የምትሠራ እኅት በእርጋታ መለሰችለት። ናሙና ከአገር ሲወጣ የሥነ ምግባር ፈቃድና በሁለቱ ወገኖች መካከል የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት እንደሚያስፈልግ ገለጸች፤ ውጤት የሚመለስበት መንገድ በዚያ ፈቃድ ላይ አስቀድሞ እንዲጻፍ ማስገደድም የሰጪው መብት ነው። ከዚያ ስለ ሥራው ጣጣ ነገረችን። ሽንት ከመስጠት በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ጠዋት ሽንኩርት የላጠ ጣት ኩባያውን ራሱ ይበክለዋል። ሜዳ ላይ በንጹሕ ውኃ የተሞላ ኩባያም አብሮ ይከፈትና ይከደናል፤ እሱ ላይ ምልክት ከተገኘ ችግሩ ከአየሩ ወይም ከዕቃው ነው። ናሙናው በቶሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት እንደ ፈለገ በሚሄድበት ከተማ የማቀዝቀዣ ነገር ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የሚያውቅ ያውቃል።

ምላሽ 20። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 በተሰበሰበ ሽንት ከ10 ሰው 8ቱ ላይ ግላይፎሴት መገኘቱን ጠቅሶ፣ እንግዲህ ሁላችንም አልቆልናል ማለት ነው የሚል ድንጋጤ። ምላሽ 6ን የጻፈችው የጤና መኮንን አረጋጋችው። መሣሪያው እየረቀቀ ሲሄድ ትንሿንም ያያል፤ መገኘት መታመም አይደለም። የሚጠየቀው ስንት ነው፣ ከማን ይበልጣል፣ ካምና ወዲህ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ነው። ሌላም ጥንቃቄ ጨመረች፤ መድኃኒቱ ማሳ ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ሳለ አስቀድሞ ከተሰባበረ ስብርባሪውን ከምግቡ ጋር እንበላዋለን፣ በሽንታችንም ይወጣል። ስለዚህ የኦርጋኖፎስፌቱ ቁጥር መርዙን ከበላነው በላይ አግንኖ ሊያሳይ ይችላል።

ምላሽ 21። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሳይንሱን ትታችሁ ዛሬ ምን ላድርግ ለሚለው መልስ ስጡኝ ብላ ጮኸች። ስንት ቀን ይህን ስታነብ ቆይታ ማንም ለእናት የሚሆን ነገር አለመጻፉን ወቀሰች። እኔንም ጭምር ነው፤ ትክክል ናት።

ምላሽ 22። የፋርማሲዋ እኅት ተመለሰች። ሲያትል ከተማ በ23 ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ ለ5 ቀን ብቻ የተለመደ ምግባቸው ያለ ኬሚካል በተመረተ ሲተካላቸው፣ የማላታይንና የክሎርፓይሪፎስ ምልክት በሽንታቸው ሊታይ እስከማይችል ወረደ፤ ወደ ቀድሞው ምግብ ሲመለሱ ተመለሰ። ያለ ኬሚካል የተመረተ የሚል ምልክት ያለው ቲማቲም ደሴ ላይ እንደማናገኝ ታውቃለች። የጠቀሰችው ግን ለሌላ ነው፤ የከተማ ልጅ ላይ የሚገባው በአብዛኛው በምግብ እንደሆነና በቶሎም ሊቀንስ እንደሚችል ያሳያል። እስከዚያው በሚወርድ ውኃ በእጅ እያሹ ማጠብ፣ የቲማቲሙን ጎድጓዳ አናት ቆርጦ መጣል፣ የጎመኑን የላይ ቅጠል ማንሣት፣ የሚላጠውን መላጥ። በሳሙናና በበረኪና ማጠብ ግን አይገባም። እንደ ዳይሜቶኤት ያለው ወደ ተክሉ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ዓይነት በማጠብ እንደማይለቅም ሳትደብቅ ነገረችን።

ምላሽ 23። ስለ ባዶ ጠርሙስ ነው። ገበያ ላይ ባዶ የመድኃኒት ጄሪካን ለዘይትና ለጋዝ መያዣ ሲሸጥ ያየ ሰው አንዱን አንሥቶ አሽትቶታል፤ ታጥቧል ተብሎ ሳለ ሽታው ከክዳኑ ጎማ ሥር አልለቀቀም። ሻጯ የራስ ቅሉን ሥዕል በቢላዋ ፍቃ አጥፍታዋለች። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ በስቶ መጣል እንደሚገባ አሳሰበ። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ገበያ መሀል መታየቱ ያሳፍራል።

ምላሽ 24። ለካን አልለካን ምን ይለውጣል፣ ገንዘቡ ለቁጥጥር ይዋል የሚል ስለታም ጽሑፍ ነው። መምህሩ በአንድ ምሳሌ መለሱለት። አሜሪካ ከቤንዚን ውስጥ እርሳስ መቀነስ ስትጀምር ለውጥ አያመጣም ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ያው ብሔራዊ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ፣ ቤንዚኑ ሲቀንስ ደሙም አብሮ ሲወርድ አሳየ። ክርክሩን የቋጨው የሰው ደም ነበር። ሳይለካ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት የሠራውን ሥራ ራሱም አያውቀውም። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ በሙሉ ልቤ። ክሎርፓይሪፎስ እ.ኤ.አ. በ2025 ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች በተስማሙበት በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ከመወገዱ በፊት የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ሽንት ካልተለካ፣ ከተወገደ በኋላ መቀነሱን በምን እናውቃለን?

ምላሽ 25። ትናንት ማታ ደረሰ። የሐርቡው አባት ናቸው። ልጃቸው ክሩን ሁሉ አንብቦላቸዋል። ስድቡን ጭምር እንደሰሙ ስላወቅሁ አፈርኩ። ሁለት ጥያቄ አላቸው። ኩባያው ቢመጣ የሚሰጡት በረጩ ማግሥት ነው ወይስ ባልረጩበት ቀን? ማሳ ረግጠው የማያውቁት፣ ከቤት የማይወጡት እናታቸውስ ይለካሉ? ውጤቱን ደግሞ ለልጃቸው በስልክ ሳይሆን ለእሳቸው ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

አባቴ፣ መምህሩ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ሰጥተውኛል። ከመርጨትዎ በፊት አንድ፣ ከረጩ ማግሥት አንድ፤ እናትዎም በእርግጥ ይለካሉ፤ ከምግብ ብቻ ምን ያህል እንደሚገባ የሚነግሩን እሳቸው ናቸውና። ለሦስተኛው ግን መልስ የሚሰጥ እስካሁን አልመጣም። ጥናቱን የሚያስብ ሰው ይህን ክር እያነበበ ከሆነ ከ26 ይጀምርልን።